የእሁድ አሥር ደቂቃ

ዓይኑን በጨው ታጥቦ መምጣት ምን እንደሚመስል ገሠሠ ያየው በኅዳር መጀመሪያ፣ አንድ ቅዳሜ ረፋድ ላይ ነው። አትላንታ ዳር ቻምብሊ ካለው ጋራዡ በር ላይ አንዲት ቀይ ፖርሽ ቆመች፤ ከውስጧ ዳኘው ወረደ። ያው ዳኘው። ገሠሠ አሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ በሐሳቡ ሺህ ጊዜ ያነቀው ሰውዬ፣ መነጽሩን አናቱ ላይ ሰቅሎ፣ ክንዱን ዘርግቶ፣ ትናንት የተለያዩ ይመስል እየሳቀ መጣ።

"ገሠ! አንተ አታረጅም እንዴ?" አለ። "ሮዝዌል ጎረቤቴ የሆነ ፈረንጅ አለ፤ ለዊንተር ሁለት መኪና አንተ ጋ ነው ስቶር የሚያደርገው። ከገሠሠ ሌላ ሰው እንዳታስነካ አለኝ። የእኛ ልጅ እኮ ነው፣ አውቀዋለሁ አልኩታ!"

አውቀዋለሁ አለ። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም የሚባለው ለዚህ ነው። የገሠሠ ደም ፈላ፤ ግን ስልሳ ዓመት የኖረ ሰው ነውና እጁን በጨርቅ ጠርጎ ጨበጠው።

የገሠሠ ሥራ ይህ ነው። ኅዳር ላይ ውድ ውድ የስፖርት መኪኖችን ይቀበላል፤ ብርዱ እስኪያልፍ በሞቀ ጋራዡ ውስጥ ያስተኛቸዋል፤ መጋቢት ላይ ቀስቅሶ ለባለቤቶቻቸው ይመልሳል። የአትላንታ ብርድ ደግሞ ብርድ ነው ወይ የሚል ይኖራል። እውነት ነው፣ ሦስት ወር ዝናብና አንድ ቀን በረዶ ነው፤ ያ አንዱ ቀን ሲመጣም ከተማው በሙሉ ቤቱን ዘግቶ ይቀመጣል። ግን የእነዚህ መኪኖች ጎማ ለሙቀት የተሠራ ነው። በጠዋቱ ውርጭ ይደርቅና መንገድ አይዝም፤ መንገድ ያልያዘ አምስት መቶ የፈረስ ጉልበት ደግሞ ባለቤቱን ይዞ ገደል ነው የሚገባው።

"ኦኬ፣ ስማኝ ገሠ፣" አለ ዳኘው ቁልፉን እየወረወረለት። "በየእሁዱ ስታርት አድርጋት። አሥር ደቂቃ ታሞቃትና ታጠፋታለህ። ሞተር ካልሞቀ ይሞታል። ከቅዳሴ ስወጣ እንዳየው ቪዲዮ ላክልኝ።"

ዳኘው አዲስ አበባ ሳለ የላዳ ታክሲ ሾፌር ነበር። እዚያ ጠዋት ጠዋት ሞተር የማያሞቅ ሾፌር አልነበረም፤ ያ ልማድ ከእሱ ጋር ውቅያኖስ ተሻግሮ ከላዳ ወደ ፖርሽ ዘለቀ። ገሠሠ አፉን ከፈተ። ባለሙያነቱ ነው ያስከፈተው። አይሆንም፣ እንዲያውም የሚገድላት ይኸው ነው ሊለው ነበር። ሞተር በተነሣ ቁጥር ውስጡ ውሃ ይፈጠራል። ሳምንት ሙሉ ቆሞ የከረመ ሞተር በአሥር ደቂቃ አይግልምና ውሃው ሳይተን ዘይቱ ውስጥ ይወርዳል፤ ዘይቱ ይበላሻል፣ ብረቱን ከውስጥ መብላት ይጀምራል። ባትሪውም ለማስነሣት ያወጣውን ኃይል በአሥር ደቂቃ አይመልሰውም። እንዲህ ያለ መኪና ወይ በደንብ ይነዳል፣ ወይ በደንብ ይተኛል።

አፉን መልሶ ገጠመ።

"ያልከኝን ቴክስት አድርግልኝ፣" አለው። "እንዳልረሳው።"

ዳኘው እዚያው ቆሞ ጻፈለት። የገሠሠ ስልክ ኪሱ ውስጥ ነዘረ፤ እሱም ከአሥራ ስምንት ዓመት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ለዳኘው ከልቡ ፈገግ አለለት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ያን ጊዜ ገሠሠ ብራያርክሊፍ መንገድ ላይ ሁለት መኪና የምታስገባ ጋራዥ ነበረችው፤ የአካባቢው ሐበሻ ግማሹ እዚያ ነበር የሚያሠራው። የዳኘውን አሮጌ መኪና ፍሬን ሠርቶ በሰጠ በሁለተኛው ሳምንት፣ ዳኘው ሚስቱን አፀደን ጭኖ ሲሄድ ቢዩፈርድ ሃይዌይ ላይ ከምሰሶ ጋር ተላተመ። እሱ ተቧጥጦ ወጣ። የአፀደ ግራ ጉልበት ግን ደቀቀ። ዳኘው ሆስፒታል ሊጠይቅ ለመጣው ሰው ሁሉ አንድ ቃል ተናገረ፤ "ፍሬኑ እምቢ አለኝ። ገሠሠ ነው የሠራው።"

ገሠሠ እንደ እብድ ወደ ብረት መጣያው ሮጠ። ከተጨማደደችው መኪና ላይ የፍሬኑን ዲስክና ሸራውን ፈታ። ሸራው አዲስ ነው፣ ዲስኩ ጭረት የለበትም። ታቅፎት ሽማግሌዎቹ ዘንድ ሄደ። ሽማግሌ ስለ ዲስክ ምን ያውቃል? የከተማው ሐበሻ ማኅበር ሰብሳቢ ጋሽ ፍቅረማርያም ብረቱን ቀና ብለው እንኳ ሳያዩ፣ "ልጄ፣ ሴትዮዋ አልጋ ላይ ናት። ለሰላም ስትል ይቅርታ ጠይቅ፤ ይቅርታ ሰውን አያሳንስም" አሉት። ገሠሠም እሺ አለ። በሕይወቱ ከተሳሳተው ሁሉ ትልቁ ስሕተት ይህ እሺታ ነው። እንደ አገሩ ወግ ማጅራቱ ላይ ድንጋይ ተሸክሞ፣ አሥር ሽማግሌ በተቀመጠበት በዳኘው ሳሎን አጎነበሰ። ወጉ ተበደልኩ ባዩ ቶሎ ተነሥቶ ድንጋዩን እንዲያወርድ ነው። ዳኘው ግን አልቸኮለም። ሻዩን አማስሎ፣ ጠጥቶ፣ ጨርሶ ነው ያወረደለት።

በማግስቱ ወሬው ተለወጠ። ካላጠፋ ለምን ድንጋይ ተሸከመ? አለ ሰው። በሰባት ወር ውስጥ ጋራዡ ተዘጋ። ገሠሠ አሥር ዓመት ኤርፖርት የኪራይ መኪና አጠበ። ወሬ ባሕር ያቋርጣልና ደሴ ያለች እናቱ ልጅሽ ሰው አሽመደመደ ተብላ፣ "የልጄን እጅ ምን ነካብኝ?" እንዳለች ሞተች። እሷን ባስታወሰበት ሌሊት ሁሉ ጥርሱን ያንቀጫቅጫል። ኋላ ፈረንጆቹ በእጁ ሥራ አምነውት እንደገና በእግሩ ቆመ እንጂ፣ ከማኅበሩ ሰው ቁልፍ የሰጠው አንድም አልነበረም። ዲስኩንና ሸራውን ግን አልጣላቸውም። በዘይት ጨርቅ ጠቅልሎ በእንጨት ሳጥን ውስጥ መደርደሪያው ላይ አኑሯቸዋል።

አሁን የዚያ ሰው መኪና እጁ ገባ፣ ያውም በጽሑፍ ትእዛዝ።

የመጀመሪያው እሁድ ፖርሿን አስነሣት። ሞተሩ አገሳ። ወንበር ስቦ ከኋላዋ ተቀመጠና ከጭስ ማውጫዋ፣ ከማርሚታዋ፣ የሚንጠባጠበውን ውሃ እያየ አሥር ደቂቃ ቆጠረ። አንጀቱ ቅቤ ጠጣ። ቪዲዮውን ሲልክ "ዋው! ተባረክ!" የሚል መልስ መጣለት። ዳኘው ቪዲዮውን በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ለሰው ሁሉ እያሳየ እንደሚኩራራ አላጣውም፤ ይኩራራ! ትእዛዙ የራሱ፣ ጥፋቱ የራሱ፣ የገሠሠ እጅ ንጹሕ። እንዲህ የተመቸ በቀል በሕልሙም አላየም።

በዙሪያዋ ያሉት መኪኖች እንደ ወጉ ተኝተዋል። እሷን ብቻ እሁድ በመጣ ቁጥር ከእንቅልፏ እየቀሰቀሰ ያስላታል። አሥራ አንድ እሁድ እንዲህ አለፈ። በጥምቀት ሳምንት የዘይቱን ክዳን ሲከፍት ከሥሩ የማኪያቶ አረፋ የመሰለ ነገር ተለጥፎ አገኘ። ውሃና ዘይት ተደባልቀዋል። ገሠሠ ብቻውን ሳቀ። እስከ መጋቢት ሌላ ስምንት ዘጠኝ እሁድ አለ፤ ከዚያ ወዲያ ዳኘው ሃይዌይ ላይ ሲያስጋልባት የሚሰማውን ድምፅ አሰበና ደስታ በደስታ ሆነ።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ አንዲት ሴት ከኡበር ወርዳ በምርኩዝ እያነከሰች ገባች።

"ጋሽ ገሠሠ፣ ያውቁኛል?"

"አውቅዎታለሁ፣ ወይዘሮ አፀደ፣" አለ ቀዝቀዝ ብሎ። "ባለቤትዎ ልከውዎት ነው?"

"መምጣቴን አያውቅም። ደረሰኙ ላይ ስምዎን አይቼ ነው።" ወደ ፖርሿ ተጠግታ ጣሪያዋን ዳሰሰች። "የእኔ ናት። ለሃምሳኛ ልደቴ ሁለት መቶ ሰው ፊት ቁልፉን ሰጠኝና፣ ሰው ሲበተን መልሶ ኪሱ ከተተው። ለጉራው ብሎ ግን ታይትሉን፣ የባለቤትነት ወረቀቷን፣ በስሜ አውጥቶታል። እሱን ረስቶታል።"

ከቦርሳዋ ታይትሉን አወጣች፤ ከላዩ ላይ አዲስ መንጃ ፈቃድ ደረበችበት። "ይኼን በጥቅምት አወጣሁ። ተደብቄ ነው የተማርኩት። አውቶማቲክ ከሆነ ቀኝ እግር ይበቃዋል። መጋቢት ላይ ሻርለት ከተማ እህቴ ዘንድ እሄዳለሁ፣ ላልመለስ።" "ፍሬኑ ይይዛል?"

"እኔን ነው ስለ ፍሬን የሚጠይቁኝ? እኔን?"

"እርስዎን ነዋ። የእርስዎ ፍሬን ይይዝ እንደነበር የማውቀው እኔ ነኝ። ጎኑ ነበርኩ። ስልኩ ከእጁ ወደቀበትና ሊያነሣ አጎነበሰ። እግሩ ጋዙ ላይ ነበር። ፍሬኑን አንድ ጊዜም አልረገጠውም፣ ጋሽ ገሠሠ።"

ይህችን ቃል አሥራ ስምንት ዓመት ሲጠብቃት ኖሯል። ስትመጣ ግን ደስታ ይዛ አልመጣችም። አዲስ ንዴት ይዛ መጣች።

"ታውቂ ነበር?" አለ። እርስዎ ማለቱ ቀረ። "ድንጋይ ተሸክሜ ሳሎንሽ ስገተር የት ነበርሽ?"

"መኝታ ቤት፣ እግሬ ጀሶ ውስጥ። በሩ ክፍት ነበር። ሻዩን ሲያማስል የማንኪያው ድምፅ ይሰማኝ ነበር።"

"ዝም አልሽ!"

"ዝም አልኩ። የመኖሪያ ወረቀቴ በእሱ ነበር፣ ሁለት ሕፃናት ነበሩኝ። ኋላ ወረቀቱም መጣ፣ ልጆቹም ኮሌጅ ገቡ። ምክንያቱ አለቀ፣ ዝምታው ቀረ።"

ገሠሠ ውጪ በይ ሊላት እጁን አነሣ። እጁ በር እንዳሳየ ዓይኑ ፖርሿ ላይ ወደቀና ክዳኑ ሥር ያለው አረፋ ትዝ አለው። ይህች አንካሳ ሴት በማታውቀው መንገድ ላይ፣ በሻርለትና በአትላንታ መካከል፣ ሞተሩ ቢንቋቋባት ሰው ምን ይላል? ገሠሠ ነው የነካው ይላል። በዚህ ጊዜ ደግሞ እውነቱን ነው። ዳኘው በአንድ ቃል የዋሸበትን ውሸት እሱ ራሱ፣ እሁድ እየጠበቀ፣ አሥር አሥር ደቂቃ እየጨመረ እውነት ሲያደርገው ከርሟል። አፈረ። እናቱ ከመቃብር ቀና ብላ እጁን የምታየው መሰለው።

የኋላ ኮፈኗን ከፈተና የዘይቱን ክዳን አውጥቶ አሳያት። ትእዛዙን፣ ቪዲዮውን፣ የእሁዱን ደስታውን ሳይቀር ነገራት።

"ያን ጊዜ ያላጠፋሁትን ይቅርታ ጠየቅሁ፣" አላት። "ዛሬ ያጠፋሁትን ልጠይቅ። ይቅርታ አድርጊልኝ።"

አፀደ አረፋውን በጣቷ ጫፍ ነካችው። "ይድናል?"

"እኔ ከያዝኩት ይድናል።"

"እንግዲያው ይቅር ብያለሁ። የእኔ ግን ገና ነው።"

"ገና ነው፣" አለ ገሠሠ። አልማራትም፤ ለይቅርታ ቸኩሎ የሆነውን ያውቃል። "በአፍሽ ትናገሪያለሽ፣ ማኅበሩ በሙሉ እየሰማ።"

"መኪናዬን የወሰድኩ ዕለት።"

አሥራ ስምንት ዓመት ዝም ያለ ሰው በአንድ ቀን ይናገራል ብሎ ማን ያምናል? ገሠሠም አላመነም። ቢሆንም ከዚያ ቀን ጀምሮ ፖርሿን እንደ አራስ ያዛት። የተበላሸውን ዘይት አፈሰሰ፣ ፊልትሮውን ለወጠ፣ አዲስ ዘይት ሞላ። ፀሐይ የወጣበትን ደረቅ ቀን ጠብቆ ሁለት መቶ ሰማንያ አምስት በሚሉት የቀለበት ሃይዌይ ከተማውን አንድ ዙር አዞራት፤ ሞተሩ እስኪግል፣ ውስጡ የቀረው ውሃ ሁሉ ተንኖ እስኪወጣ። ተመልሶ ዘይቱን እንደገና ቀየረ። ቤንዚኑ እንዳይበላሽ መድኃኒት ጨምሮ ታንከሯን ሞላ፤ ጎማዎቿ በአንድ ጎን እንዳይረግቡ ነፋቸው፤ ባትሪዋን ቀስ እያለ ከሚመግበው ቻርጀር ጋር አያያዘ፤ አይጥ እንዳይገባ ማርሚታዋን በብረት ሱፍ ወተፈ። የእጅ ፍሬን አልያዘም፤ ሸራው ዲስኩ ላይ ተጣብቆ እንዳይዝግ ነው። ከጎማዋ ሥር እንጨት ሸጎጠና በጨርቅ ሸፈናት። ፍቅር እንዳይመስላችሁ። ቂም ነው። ቂም እንደዚህ ትጉ ሠራተኛ መሆኑን ገሠሠ ራሱ ያወቀው ያኔ ነው።

እሁድ እሁድ ለዳኘው የድሮዎቹን ቪዲዮዎች ተራ በተራ ይልክለታል። ዳኘውም ሳያጓድል "ዋው!" ይላል።

የመጋቢት የመጨረሻው ቅዳሜ ደረሰ። ዳኘው እኩለ ቀን ላይ መኪናዬን እወስዳለሁ ብሏል። አፀደ አንድ ሻንጣ ይዛ በጠዋት መጣች። ምርኩዟን ከኋላ ወረወረችና መሪውን ያዘች።

"ጋዙን እንቁላል እንደምትረግጪ አድርገሽ፣" አላት ገሠሠ። "ከግቢው ሳትወጪ ፍሬኑን ሞክሪው።"

ትንሽ ነድታ ረገጠችው። መኪናዋ ቀጥ አለች። አፀደ መሪውን እንደያዘች ለረጅም ጊዜ አልተንቀሳቀሰችም፤ ከዚያ ወደ ሰሜን በሚወስደው ሰማንያ አምስት ሃይዌይ ታጥፋ ሄደች። ሞተሩ በርቀትም ጥርት ብሎ ይሰማ ነበር።

ገሠሠ ስልኩን ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ ተቀመጠ። አንድ ሰዓት አለፈ፣ ሁለት ሰዓት አለፈ። በማኅበሩ ቴሌግራም ላይ የአንድ ሰው የልደት መልካም ምኞት እንጂ ሌላ የለም። ሴትዮዋ በላችኝ አለ በልቡ። ለሁለተኛ ጊዜ ሞኝ ሆንኩ።

እኩለ ቀን ላይ ዳኘው በሌላ መኪናው መጣ። ብቻውን አልነበረም፤ በፖርሿ ሊያንሸራሽራቸው ጋሽ ፍቅረማርያምን ይዞ ነበር። አዛውንቱ አሁን ሰማንያ አልፏቸዋል፣ ጆሯቸውም ከብዷል። ዳኘው ወደ ባዶው ቦታ አየ።

"መኪናዬስ?"

"ባለቤቷ ወሰደቻት።"

"የምን ባለቤት?"

"ታይትሉ ላይ ያለችው።"

ዳኘው ሳቀ። "አፀደ? አፀደ ብስክሌት እንኳ አትነዳም!" ሳቁ ግን ፊቱ ላይ ደርቆ ቀረ። ስልኩን አውጥቶ ደወለ፤ አይነሣም። ደገመ፤ አይነሣም። "ፖሊስ ነው የምጠራው!"

"ጥራ። በማን ስም ናት ሲሉህ ምን ትላለህ?"

ይህን ጊዜ የጋሽ ፍቅረማርያም ስልክ ጮኸ። አዛውንቱ መልእክት የሚሰሙት ድምፁን እስከ መጨረሻው ከፍተው ነው። የአፀደ ድምፅ ጋራዡን ሞላው።

"የማኅበራችን አባላት፣ አፀደ ነኝ። ነዳጅ ማደያ ቆሜ ነው የማወራችሁ፤ ራሴ ነድቼ ነው የመጣሁት። ያን ጊዜ እግሬ የተሰበረው በገሠሠ ፍሬን አይደለም። ዳኘው የወደቀ ስልኩን ሊያነሣ አጎንብሶ ነው። ፍሬኑን አልረገጠውም። እናንተ ገሠሠን ድንጋይ አሸከማችሁት፣ እኔ እየሰማሁ ዝም አልኩ። ፍሬኑ ደህና ነበር። አሁንም ደህና ነው።"

የዳኘው ስልክ መንዘር ጀመረ። አቆመ፣ ቀጠለ፣ አላቋረጠም። ጋሽ ፍቅረማርያም መነጽራቸውን አወለቁ።

"ገሠሠ ልጄ፣ ያን ድንጋይ ያሸከምኩህ እኔ ነኝ፣" ብለው እየተንቀጠቀጡ ሊያጎነብሱ ሲሉ ገሠሠ ትከሻቸውን ያዛቸው።

"እርስዎ አይደሉም፣ ጋሼ።"

ሳጥኑን ከመደርደሪያው አወረደ። የዘይት ጨርቁን ፈታ። የፍሬኑ ዲስክ አሥራ ስምንት ዓመት ተቀምጦ ዝገት አልነካውም፤ ገሠሠ ነገር ማስቀመጥ ያውቃል። አንሥቶ ለዳኘው ዘረጋለት።

"ገሠ፣ በናትህ፣ የድሮ ነገር እኮ ነው፣" አለ ዳኘው።

"ተሸከም፣" አሉ ጋሽ ፍቅረማርያም።

"ጋሼ፣ እኔ እኮ..."

"እዚህ እኔ ፊት ትሸከማለህ ወይስ ነገ ከቅዳሴ በኋላ አራት መቶ ሰው ፊት? ምረጥ።"

ዳኘው ዲስኩን ተቀበለ። ማጅራቱ ላይ አደረገው፤ ዘይቱ ነጭ ሸሚዙን አጠቆረው። አጎነበሰ።

"ይቅርታ፣ ገሠሠ፣" አለ ወደ መሬት እያየ።

አዛውንቱ እንደ ወጉ ገሠሠ ቶሎ ብሎ እንዲያወርድለት ጠበቁ። ገሠሠ ሰዓቱን አየ።

"አሥር ደቂቃ፣" አለው። "ካልሞቀ ይሞታል ብለኸኝ የለ?"

ለጋሽ ፍቅረማርያም ወንበር ሳበላቸውና ሻይ ሊያፈላ ሄደ።